የላሞችን ደም ሲለኩ የኖሩት የእትዬ ልኬት የሕይወት ታሪክ

እናታችን፣ እኅታችንና የብዙዎቻችን አስተማሪ እትዬ ልኬት የበረዶ ፋብሪካ መካኒክ ከነበሩት አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ ሰፊነት ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው መጋቢት 11 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከበረዶ ፋብሪካው ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራ ነበር። ሙቀት ሲበረታ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ጀርባቸውን እዚያ ግድግዳ ላይ ሊለጥፉ ይመጣሉ፤ ብርዱ ሲገባ ደግሞ ቤተሰቡ አልጋውን እየጎተተ ወደ ሌላው ጥግ ይሸሻል። ከአራት ልጆች ሁለተኛዋ የሆኑት እትዬ ልኬት ገና በስድስት ዓመታቸው የአባታቸውን ቴርሞሜትር ተውሰው ግድግዳውን፣ ወለሉንና የተኛውን ታናሽ ወንድማቸውን ብብት በየተራ ይለኩ እንደነበር እናታቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር። ያ ብብቱ የተለካው ወንድም ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ነው።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ጨርሰው በ1964 ዓ.ም. የቤተ ሙከራ ማሠልጠኛ ገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ በጥሩ ውጤት ተመርቀው በከብት ምርምር ጣቢያ ሥራ ጀመሩ። ቤተ ሙከራው በዚያን ጊዜ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮስኮፕና በሩ በገመድ የሚታሰር ፍሪጅ ነበረው። የገቡ ዕለት ጠረጴዛውን በሳሙና አጠቡት፣ የፍሪጁንም በር ለአናጺ ሰጥተው ቁልፍ አስገጠሙለት። ልኬት የሚለውም ስም እዚያው ወጣላቸው፤ ላም ከመታለቧ በፊትም በኋላም፣ ጥጃ ከመጥባቱ በፊትም በኋላም ሳይለኩ አያልፉምና። ታናናሾቻቸው «እትዬ»ን ጨመሩበት።

በ1969 ዓ.ም. የጣቢያውን የወተት መኪና ይነዱ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ። ሹፌሩ ጨዋታ አዋቂ ስለነበሩ «እኛ ቤት ሻይ ዲግሪው ሳይታወቅ አይጠጣም» እያሉ ሰው ያስቁ ነበር። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል።

እትዬ ልኬትን የምናውቅ ሁሉ የ1979 ዓ.ም.ን ነገር በጨረፍታ ሰምተናል። አብዛኛው የተወራው ግን ጌጥ የበዛበት ስለሆነ እርሳቸው ራሳቸው በነገሩኝ መልክ እዚህ ይጻፍ።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር አርባ ሁለት የወተት ላሞች ከብርድ አገር በመርከብ መጡ። እስከ ጥር ወተቱ በሽበሽ ነበር። የካቲት ሲገባ ሙቀቱ በረታ፤ የቆርቆሮ ጣራ ያለው በረት ከቀትር በኋላ ሠላሳ ስድስትና ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ይገባ ጀመር። ላሞቹ መኖ እያሸተቱ ይተዋሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፣ ወተታቸውም በግማሽ ወረደ። የላሞቹን ደም የሚቀዱትና የሚመረምሩት እትዬ ልኬት ነበሩ። ምርመራው የታይሮይድ ዕጢ፣ ማለትም አንገት ላይ ያለው የእንቅርት ዕጢ፣ የሚያመነጨው ሆርሞን ከጥር ወዲህ በሲሶ ያህል መቀነሱን አሳየ። ቁጥሮቹን በንጹሕ ወረቀት ገልብጠው ለዋናው ሐኪም ሰጡ። ከቁጥሮቹ ሥር አንድም ቃል አልጨመሩም። እንዲጨምሩ የጠየቃቸው አልነበረም፤ እርሳቸውም ቦታዬ አይደለም ብለው ዝም አሉ። ይህን ዝምታ እስከ ዕለተ ሞታቸው ለራሳቸው ይቅር አላሉትም።

ዋናው ሐኪም ከውጭ ተምረው የመጡ፣ ሥራ ወዳድና በራሳቸው የሚተማመኑ ሰው ነበሩ። ወረቀቱን አይተው ዕጢው ደክሟል፣ ሆርሞኑ በመድኃኒት ይተካ ብለው አዘዙ። የሆርሞን ዱቄቱ የሚቀመጠው በእትዬ ልኬት ፍሪጅ ነበር። መጋቢት 14 ቀን ለአሥር ላሞች የሚሆነውን መዝነው፣ ፈርመው አወጡ። ሲፈርሙ ጥርጣሬ አድሮባቸው ነበር። ሐኪሙን በረንዳ ላይ አግኝተው ሊያናግሯቸው ሞከሩ።

«ዶክተር፣ ይህ ነገር በሽታ ባይሆንስ?» አሏቸው። «ዕጢው ለሰውነት እንደ ምድጃ ነው። ብርድ ሲሆን አንጎል ጨምር ይለዋል፣ ሆርሞኑ ይበዛል፣ ሰውነት ይሞቃል። ሙቀት ሲበረታ ደግሞ ይቀንሳል። ላሞቹ እሳታቸውን ዝቅ ያደረጉት ለመኖር ይመስለኛል።»

ሐኪሙ አልተቆጡም። ፈገግ ብለው «አንቺ ቁጥሩን አምጪልን፤ ትርጉሙን ለእኛ ተዪልን» ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

በስድስተኛው ቀን መድኃኒት የበሉት ላሞች ወተት ጨመረ። አላቢዎቹ ደስ አላቸው፤ አንዱም እትዬ ልኬትን በመስኮት አይቶ «ምድጃው ነደደ እኮ» አላቸው። እርሳቸውም ስቀው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ተሳስቻለሁ ማለት ነው ብለው ሊያምኑ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ግን ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትራቸውን ይዘው ወደ በረት መውረዳቸውን አልተዉም። ጤነኛ ላም ሠላሳ ስምንት ተኩል ናት። የእነዚህ አሥሩ ሙቀት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ አርባን አለፈ።

መጋቢት 24 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ውጭው ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ በሆነበት ቀን፣ ከአሥሩ አንዷ የሆነችው አሥራ ሰባት ቁጥር ላም በጉልበቷ ወደቀች። ሐኪሙ በዕለቱ ለስብሰባ ሄደው ነበር። እትዬ ልኬትና ሁለት ከብት ጠባቂዎች ውኃ በባልዲ እያመላለሱ አፈሰሱባት፣ በካርቶን አራገቡላት። ቴርሞሜትሩ አርባ አንድ ነጥብ ስድስት አለ። በደቂቃ መቶ ሃያ ጊዜ ትተነፍስ ነበር፤ ከዚያ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መተንፈሷን አቆመች። አንደኛው ጠባቂ ባልዲውን አስቀምጦ ወጣ። እትዬ ልኬት ግን ቀሚሳቸው እንደ በሰበሰ በረቱ ወለል ላይ ተቀመጡ።

«ፈርሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ ለቀረው ጠባቂ።

«ያዘዙት እሳቸው ናቸው» አላቸው።

«እሳቸው አላወቁም። እኔ ጠርጥሬ ነው የፈረምኩት።»

ይህ ቃል በታሪካቸው ውስጥ እንዲጻፍ በሕይወት ሳሉ ደጋግመው ጠይቀውኛል። ጽፌዋለሁ።

በማግሥቱ ሐኪሙ ተመልሰው ሬሳውን ከፍተው አዩና የሳንባ ምች ነው አሉ። ወተቱ መጨመሩን እንደ ማስረጃ ይዘው መድኃኒቱ ለቀሩት ላሞች ሁሉ እንዲሰጥ ትእዛዝ ጻፉ። መጋቢት 26 ቀን ጠዋት የመድኃኒት አከፋፋዩ ደብዳቤውን ይዞ ቤተ ሙከራ መጣ። እትዬ ልኬት አነበቡት፣ አጣጥፈው መለሱለት፣ የፍሪጁን ቁልፍ ከጠረጴዛ ላይ አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ።

«አልሰጥም» አሉት።

አከፋፋዩ «ምን ብዬ ልንገራቸው?» አለ።

«አልሰጥም አለች በላቸው። ሌላ ቃል አትጨምርበት፣ አታሳምርልኝ።»

ከምሳ በፊት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። እስከ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቁልፉን ካላስረከቡ ከሥራ እንደሚታገዱ ይላል። ግቢው በሙሉ ሰማ። ከሰዓት በኋላ በበረንዳው ሲያልፉ ሰው ሁሉ ድንገት ሥራ ይበዛበት ነበር።

ማታ እራት ላይ ባለቤታቸው ዕቃውን አነሣሥተው ልጆቹን ወደ ጓዳ ከላኩ በኋላ ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

«ሁለታችንም የምንኖረው ከአንድ በር በሚወጣ ደሞዝ ነው» አሏቸው። «አንቺን ካባረሩ እኔን ለጌጥ አያስቀምጡኝም።»

«አውቃለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ ግን?»

እትዬ ልኬት ዋሽተው አያውቁም። «ከአሥር ዘጠኝ» አሉ።

«አንዱስ?»

«እሱን ነው የምፈራው።»

ሹፌሩ «እንግዲያው ቁልፉን እኔ ዘንድ አታስቀምጪው» አሏቸው። «እኔ ሰው ፊቱን ካጠቆረብኝ ልብ የለኝም፣ እሰጣለሁ።» እትዬ ልኬት በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቁት ያን ጊዜ ነው።

በማግሥቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገቡ። ሐኪሙ ቀድመው ተቀምጠዋል። እትዬ ልኬት ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና መዳፋቸውን ከላዩ አላነሡም።

«ሦስት ሳምንት ስጡኝ» አሉ። «መድኃኒት ያልቀመሱ አሥራ ስድስት ላሞች እንምረጥ። ስምንቱን ወደ አሮጌው የቺዝ መጋዘን እናግባ። ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ቬንቲሌተር እናቁምበት፣ ወለሉን ውኃ እንርጨው። ስምንቱ ባሉበት በረት ይቆዩ። መኖው አንድ፣ አላቢው አንድ። ለማንም ዱቄት አይሰጥ። ቀዝቃዛው ቤት ያሉት ሆርሞናቸው ያለ መድኃኒት ከተመለሰ ዕጢያቸው ጤነኛ ነው። ካልተመለሰ ቁልፉንም የመልቀቂያ ደብዳቤዬንም አንድ ላይ ታገኛላችሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሐኪሙ ዞሩ። ሐኪሙ «በአንድ ቅድመ ሁኔታ» አሉ። «ደሙ ሲቀዳ ቱቦዎቹ ላይ ቁጥር የምጽፈው እኔ ነኝ። የትኛው ከየትኛው ቤት እንደመጣ አታውቂም። ዝርዝሩ እኔ ኪስ ይሆናል።»

«እኔም ልጠይቅዎት ነበር» አሉ እትዬ ልኬት። መዳፋቸውንም ከቁልፉ ላይ አነሡ።

ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት፤ እገዳውም ለሦስት ሳምንት ቆመ።

የመጀመሪያው ምርመራ በስምንተኛው ቀን ሆነ። እትዬ ልኬት ቁጥሮቹን አነበቡ፣ ሐኪሙ ዝርዝራቸውን ዘረጉ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ከቀዝቃዛው ቤት ሁለቱ ትንሽ ከፍ ብለዋል፣ ከሞቃቱም አንዷ እንደዚያው። ሐኪሙ ወረቀታቸውን አጣጥፈው ምንም ሳይናገሩ ወጡ፤ እትዬ ልኬት ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር ይሉ ነበር። ያን ቀን ቤተ ሙከራውን ዘግተው መሣሪያውን አንድ በአንድ ፈተሹ፣ መመዘኛውን እንደገና አስተካከሉ፣ ስሕተት ፈለጉ። አላገኙም። ስሕተቱ ከእኔ ራስ ውስጥ ከሆነስ የሚለው ሐሳብ ያን ጊዜ ገባባቸው፤ ከዚያም ምግብ አልበላ አላቸው። ባለቤታቸው ሰሃኑን ወደ እርሳቸው እየገፉ «ላሞቹም አንቺም መኖ ተዋችሁ» አሏቸው።

በአሥራ አንደኛው ቀን መብራት ጠፋ። የመጋዘኑ ቬንቲሌተሮች ቆሙ፣ ውስጡም በሁለት ሰዓት ውስጥ ከሃያ ሦስት ወደ ሃያ ዘጠኝ ወጣ። ሙቀቱ ካልተያዘ ሙከራው ከንቱ ነው። እትዬ ልኬት ማንንም ሳይጠሩ ባልዲ አንሥተው ከቧንቧው ወደ መጋዘኑ መመላለስ ጀመሩ። ቀድሞ ያፌዘው አላቢ መጥቶ ሌላ ባልዲ አነሣ፤ ከዚያ ከብት ጠባቂዎቹ፣ ከዚያ አከፋፋዩ። ሹፌሩ የወተት መኪናቸውን ታንክ በውኃ ሞልተው መጋዘኑ በር ላይ አቆሙት። መብራት በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። በእነዚያ ቀናት ጣራው፣ ግድግዳውና የላሞቹ ጀርባ አልደረቀም።

ሚያዝያ 18 ቀን፣ በሃያ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉም ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተሰበሰቡ። እትዬ ልኬት ማስታወሻ ደብተራቸውን ከፈቱ። ሐኪሙ ከኪሳቸው ዝርዝሩን አወጡ።

«ቱቦ አንድ» አሉ ሐኪሙ።

«ስድሳ ስምንት።»

ሐኪሙ ዝርዝሩን አዩ። «መጋዘን።»

«ቱቦ ሁለት።»

«አርባ አንድ።»

«በረት።»

«ቱቦ ሦስት።»

«አርባ አራት።»

«በረት።»

እንዲህ እያሉ ቀጠሉ። ሥራ አስኪያጁ በእርሳስ ይጽፋሉ። ቱቦ ሰባት ላይ የሐኪሙ ድምፅ ዝቅ አለ። ቱቦ አሥር ላይ ዝርዝሩን ለሥራ አስኪያጁ አቀበሉና «እርስዎ ያንብቡት» አሉ። የመጋዘኑ ላሞች ሁሉ ወደ ጥር ወር ቁጥራቸው ተመልሰው ነበር፤ ቱቦ አሥራ ሦስት ሲቀር። አርባ ሦስት ሆኖ ከመጋዘን የመጣ ነው። ማንም ሳይጠይቃቸው እትዬ ልኬት «ይቺ ከሐሳቤ ጋር አትሄድም» አሉ። «ጡቷ ቆስሎ መኖ የተወችው ሊሆን ይችላል። ግን አላውቅም፣ አላውቅም ተብሎ ይጻፍ።» ተጻፈ።

በክፍሉ ውስጥ ያጨበጨበ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ መሳቢያውን ከፍተው ቁልፉን ለእትዬ ልኬት መለሱላቸው። ሐኪሙ ተነሥተው ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት ሐኪሙ ቤተ ሙከራው መጡና ቱቦ ማጠቢያው አጠገብ ያለችው አነስተኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ከየት ነው የጀመርሽው?» አሏቸው። እትዬ ልኬት ከየካቲት ወር ገጽ ደብተሩን ከፍተው ሰጧቸው። ይቅርታ አልተባባሉም፣ ወዳጅም አልሆኑም። ግን አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሠሩ፤ የዚያ ሙከራ ሪፖርት ሲወጣም ሐኪሙ የእትዬ ልኬትን ስም ከራሳቸው በላይ አስቀመጡት። አሥራ ሰባት ቁጥርን የገደላት የሳንባ ምች ሳይሆን በሙቀት ላይ የተጨመረ ሙቀት መሆኑን የጻፉትም በገዛ እጃቸው ነው። መድኃኒት ከበሉት ከቀሩት ዘጠኝ ላሞች አንዷ ጥጃዋን አስወርዳለች፤ ስምንቱ አገግመዋል። ከዚያ በኋላ በረቱ ድርብ ጣራ ተሠራለት፣ ውኃ መርጫ ተዘረጋለት፣ መኖውም ማለዳና ከፀሐይ መግባት በኋላ ይሰጥ ጀመር። ወተቱ እንደ ጥር ባይሆንም በሚቀጥለው ሙቀት ወራት የወደቀች ላም አልነበረችም።

እትዬ ልኬት በማታ ትምህርት በ1992 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ሲያገኙ ትልቋ ልጃቸው በዚያው ዓመት ተመርቃ ስለነበር ፎቶውን አብረው ተነሡ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ሆነው የጫጩቶችንና የፍየሎችን ዕጢ በብርድ ወራት አጥንተዋል። በብርድ ሆርሞኑ ሲጨምር እንስሳው ያን ሙቀት የሚያወጣው ከሚበላው ላይ ነውና «ብርድ መኖ ይበላል» እያሉ ለአርቢዎች ያስተምሩ ነበር። ለእነርሱ የጻፉት ባለ ሠላሳ ስድስት ገጽ መመሪያ ዛሬም በየበረቱ ይገኛል፣ አንዳንዱ ላም የላሰችው ነው። አዲስ ሠልጣኝ ሲመጣላቸው የመጀመሪያው ትምህርታቸው ከቁጥሩ ሥር የሚታሰበውን መጻፍ ነበር። ባዶ የተመለሰ ወረቀት አይቀበሉም። በ2001 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ፤ ባለቤታቸውን በ2008 ዓ.ም. በሞት ካጡ በኋላ ከትልቋ ልጃቸው ጋር ኖሩ።

በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የልብ ድካም ሕመም ጸናባቸው። ሆስፒታል በነበሩበት በመጨረሻው ሳምንት ከጣቢያው ሁለት ወጣት ባለሙያዎች ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር። አንደኛዋ ወረቀት ይዛለች፤ አለቃዋ ያልተስማማበት ውጤት ነው። እትዬ ልኬት መነጽራቸውን አስመጥተው አነበቡት።

«አንቺ ምን ይመስልሻል?» አሏት።

ልጅቱ ነገረቻቸው።

«ይህማ ወረቀቱ ላይ የለም እኮ» አሉና እስክሪብቶ እንድትሰጣት ነርሷን ጠየቁ። ልጅቱ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስትጽፍ፣ እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እስክትጨርስ ጠበቋት። ስትጨርስም «ፈርሚበት» አሏት።

ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዐረፉ። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ አንዲት እኅትና ሁለት ወንድሞች ከኋላቸው ቀርተዋል። በሕመማቸው ወቅት ላስታመሟቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ዛሬም ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ለሸኛችኋቸው ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። በዱላ ተደግፈው ለመጡት ለቀድሞው ዋና ሐኪምም ወንበር ይሰጥልን።

መናገር የማይችሉትን ፍጥረታት ሕመም የሚያውቅ ፈጣሪ፣ ስለ እነርሱ የተናገሩትን ነፍስ በምሕረቱ ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውና ለእኛም መጽናናትን ይስጠን።